ላንድክሩዘሩ ባዶውን ለምን ያንገጫግጫል? ስለ ባሌስትራ፣ ስለ ጎማ ንፋስና ከኋላ ስለሚተኛው በሽተኛ

ዛሬ ከፖለቲካውም ከኑሮ ውድነቱም ትንሽ ወጣ ብለን ስለ መኪና እናወራለን። ስለ ቅንጦት መኪና ግን አይደለም። ፒስታ መንገድ ላይ ውሎ የሚያድር ላንድክሩዘር፣ በተለይ ደግሞ የወረዳ አምቡላንስ ሆኖ የሚያገለግለው ሃርድቶፕ፣ የጫነውን ሰው ለምን እንዲያ እንደሚያንገጫግጭና ምን ቢደረግለት ሊለዝብ እንደሚችል ነው የምናየው።

ጉዳዩን የመረጥነው በምክንያት ነው። ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የምትላክ ምጥ የያዛት እናት ወይም እግሩ የተሰበረ ገበሬ የሚተኛው ከኋላው አክስል በላይ ወይም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ነው። መኪናው አንድ በዘለለ ቁጥር ሕመሙን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ሾፌሩ ፊት ተቀምጦ ያን ያህል ላይሰማው ይችላል። መኪናው ደግሞ አልተበላሸም፤ ጋራዥ ቢገባ «ምንም የለውም» ተብሎ ይመለሳል። እውነት ነው፣ ምንም የለውም። የተሠራው እንደዚያ ነው።

የምናወራው ላንድክሩዘር 70 ስለሚባለው ዝርያ ነው። ቶዮታ ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው የላንድክሩዘር 40ን ቦታ እንዲተካ ነው። እኛ ሀገር በብዛት የምናየው 78 የሚባለውን ረጅሙን ሃርድቶፕና 79 የሚባለውን ፒካፕ ነው። 4.2 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩን የማያውቅ መካኒክ የለም። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ከባድ ሥራ የሚሠሩት ላንድክሩዘሮች ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የፊቱ ባሌስትራ ወጥቶ በሞላ ተተካ፤ የኋላው ግን ረዘም ተደርጎ ባሌስትራ እንደሆነ ቀረ። ጋቢና የተቀመጠው ሰው «ኧረ ደህና ነው» ሲል ከኋላ ያለው ጭንቅላቱ ከጣራው ጋር የሚጋጨው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ቶዮታ ለምን ከኋላ ባሌስትራ ተወ? ምክንያቱም መኪናው የዕቃ መኪና ነው። ፒካፑ 1 ቶን ገደማ እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ነው። ባሌስትራ ክብደት ይሸከማል፣ አክስሉንም በቦታው ይይዛል፣ ቢሰበር ደግሞ የትም ከተማ ያለ ብረት ቤት ይጠግነዋል። በረሃ መሃል ለሚሠራ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ግን አለ፤ 1 ቶን እንዲሸከም የተሠራ ብረት 3 ሰው ብቻ ሲጫንበት አይተጣጠፍም።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም

በሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ነገር አንዴ ከተነካ በራሱ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የባሌስትራው ጥንካሬና በላዩ ያረፈው ክብደት። ባሌስትራው በጠነከረ ቁጥር መወዛወዙ ይፈጥናል፤ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ይዘገያል። ምቹ የምንላት የከተማ አውቶሞቢል በሰከንድ ከ1 እስከ 1 ተኩል ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ትላለች።

መኪናችሁ ስንት ጊዜ እንደሚዘል በግምት ማወቅ ከፈለጋችሁ የመኪናው አካል ክብደት ባሌስትራውን ስንት ሳንቲሜትር እንዳወረደው እዩና 5ን ለዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት አካፍሉ። ለምሳሌ ባዶው መኪና ባሌስትራውን 6 ሳንቲሜትር ብቻ ካወረደው በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል ይዘላል። ባሌስትራው ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ እስኪሆን ብንጭነው 12 ሳንቲሜትር ይወርድና መወዛወዙ ወደ 1.4 ይቀንሳል። ሾፌሮች «ይሄ መኪና ጭነት ሲያገኝ ነው የሚለሰልሰው» የሚሉት ነገር ወሬ አይደለም፤ በሂሳብም ትክክል ነው።

የሰው አካልስ? ሰውነታችን ሁሉንም ንዝረት እኩል አይጠላም። ለተቀመጠ ሰው ከሁሉ የሚያስቸግረው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ አካባቢ ያለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረግ ንዝረት ነው። ሆድ ዕቃና ደረት አብረው የሚወዛወዙት በዚህ መሃል ነው። ስለዚህ መኪናን ማለስለስ ማለት ዘገም ብሎ እንዲወዛወዝ ማድረግና ከዚህ ክልል ማራቅ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ነገር አለ። ባሌስትራው ዝጎ ከተጣበቀ ወይም ከመጠን በላይ ከጠነከረ፣ መኪናው በባሌስትራው ላይ መወዛወዙን ትቶ በጎማዎቹ ላይ ብቻ መንጠር ይጀምራል። ያኔ መወዛወዙ ይፈጥንና ወደዚያ ወደምንጠላው ክልል ይጠጋል።

ከርካሹ እንጀምር፦ ንፋስ

ብዙ ሰው «መኪናዬ ጠጠረብኝ» ሲል በቀጥታ ወደ ባሌስትራ ነው የሚሄደው። እኛ ግን መጀመሪያ ጎማውን እንይ እንላለን። መንገዱን ቀድሞ የሚነካው ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ ራሱ ሞላ ነው። የጎማ ጥንካሬ በአብዛኛው ንፋሱን ተከትሎ ይሄዳል። ንፋሱን በሩብ ብትቀንሱት ጎማውም ወደ ሩብ የሚጠጋ ይለዝባል። ሳንቲም የማያስወጣ ለውጥ ነው።

የእኛ ሀገር ልማድ ግን ተቃራኒው ነው። ጎሚስታው ጋ ሄዶ «ጠንከር አድርገህ ሙላው» ማለት፣ ከዚያ በእግር መታ መታ አድርጎ «ደህና ነው» ብሎ መሄድ። እነዚህ መኪናዎች ላይ የሚገባው 7.50 በ16 የሚባለው ጎማ የጎን ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በእግር መትቶ ንፋሱን ማወቅ አይቻልም። ከሚገባው በላይ 10 ፒኤስአይ ተጨምሮበትም፣ 10 ጎድሎትም እግራችሁ ላይ የሚሰማችሁ አንድ ነው። የንፋስ መለኪያ ግዙ። ትንሽ ዕቃ ናት፤ ኪስ ትገባለች።

ትክክለኛው ንፋስ ስንት ነው ለሚለው መኪናው ራሱ መልስ አለው። የሾፌሩ በር ሲከፈት አካባቢው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የፊትና የኋላውን ለየብቻ ይናገራል። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ማለትም ጠዋት ሳይነዳ ነው። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ጭነት ሲኖር የሚል ቁጥር ካለ፣ ባዶ ሆኖ የሚሄድ መኪና ያን ቁጥር አያስፈልገውም።

ረጅም ፒስታ ላይ የሚገባ መኪና ደግሞ ከአስፋልት ንፋሱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ቢቀንስ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። አስፋልት ላይ 40 የነበረው ወደ 30 ወይም 32 ይወርዳል ማለት ነው። ግን ዝም ብሎ አይቀነስም። ንፋስ ሲቀንስ ጎማው ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይፈነዳል። ስለዚህ ፍጥነት አብሮ መቀነስ አለበት፤ ከ80 በላይ የሚባል ነገር የለም። ከባድ ጭነት ካለም አይነካም። የቀነሳችሁት በዝቶ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ለኩት፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ ጉዞ በኋላ ድጋሚ ለኩት። ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ቢጨምር ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከጨመረ ጎማው እየተቃጠለ ነው፤ ንፋስ ጨምሩ ወይም ፍጥነት ቀንሱ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። መኪናው ላይ ትንሽ የንፋስ መሙያ ከሌለ ንፋስ መቀነስን እርሱት፤ አስፋልት ላይ ባነሰ ንፋስ መብረር ከመንገጫገጭ ይብሳል። ሁለተኛ፣ ባለ ቀለበቱን ቸርኬ የሚጠቀሙ መኪናዎች አሁንም ብዙ ናቸው። ይህን ቸርኬ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መፍታት፣ ወይም ቀለበቱ በትክክል ሳይገባ ንፋስ መሙላት ሰው ይገድላል። ሲሞላ ፊት ለፊቱ አትቁሙ፤ ልጆች ደግሞ አካባቢውም አይድረሱ።

ባሌስትራው ለምን ይጣበቃል?

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው እዚህ ነው። ባሌስትራ እርስ በርስ የተደራረበ ብረት ነው። መኪናው ሲወርድ ሲወጣ ብረቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ይህ መንሸራተት ግጭት አለው። ግጭቱ ትንሽ ሲሆን ይጠቅማል፣ መወዛወዙን ይይዛል። ሲበዛ ግን ባሌስትራው ትንሽ ጉብታ አይቀበልም። ጉብታው ግጭቱን እስኪያሸንፍ ድረስ ባሌስትራው እንደ አንድ ድፍን ብረት ነው። ትልቅ ጉድጓድ ላይ ደህና የሚሆን መኪና ትንንሽ ጠጠር ላይ ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው በዚህ ነው።

አቧራ፣ ጭቃ፣ ጨው፣ ዝገት፤ ሁሉም ግጭቱን ይጨምራሉ። አፋር በረሃ ጨው ሜዳ ላይ የሚሠሩ መኪናዎችን ባሌስትራ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ብረቶቹ ተቀባብተው አንድ ይሆናሉ።

ብዙ ሾፌር የሚያደርገው መፍትሔ የተቃጠለ ዘይት መርጨት ነው። እንዳይንጫጫ ያደርገዋል፣ ለጥቂት ቀንም ይለሰልሳል። ከዚያ አቧራው በዘይቱ ላይ ይለጠፍና ብረት የሚበላ ሞረድ ይሆናል። ዘይቱ ወደ ጎሚኒዎቹ ከወረደ ደግሞ ጎማውን ያባብጠዋል። እኛ አንመክረውም።

ትክክለኛው ሥራ አድካሚ ነው፣ ግን አንድ ቀን ቢፈጅ ነው። መኪናው ሻንሲው ላይ በጠንካራ መቆሚያ ይነሳል፤ በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥር መግባት ክልክል ነው። ባሌስትራው ይወርዳል፣ ይፈታል፣ እያንዳንዱ ብረት በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ የተሰነጠቀ ካለ ይታያል። ጫፎቹ የሚነኩበት ቦታ ላይ የተቦረቦረ ጉድጓድ ከተገኘ ይሞረዳል። ከዚያ በየብረቱ ጫፍ መሃል ለዚሁ የተሠራ ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ ይገባል። ንጣፉ ካልተገኘ ስስ ግራፋይት ያለው ቅባት ይቀባል። ሲገጠም አክስሉንና ባሌስትራውን ጠርንፎ የሚይዘው ዩ-ቦልት አዲስ ቢሆን ይመረጣል። አሮጌው አንዴ ተስቦ ስለረዘመ ድጋሚ ሲጠብቅ አይታመንም።

ባሌስትራው የሚሰቀልባቸው ፒኖች የግራሶ መግቢያ ካላቸው በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋሉ። የደረቀ ፒን ባሌስትራው እንዳይረዝም እንዳያጥር ያስረዋል፤ ባሌስትራ ደግሞ ሲጎብጥ መርዘም አለበት። ጎሚኒዎቹም እንዲሁ። ያለቀ ጎሚኒ ብረት ከብረት ያገናኛል፤ እያንዳንዱ ጠጠር ሻንሲው ላይ ይደወላል። አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር፤ ጎሚኒ ያለበት ብሎን የሚጠብቀው መኪናው መሬት ወርዶ ክብደቱን ከያዘ በኋላ ነው። በአየር ላይ እንዳለ ከጠበቀ ጎሚኒው ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል። መኪናውን ጠጣር ያደርገዋል፣ ጎሚኒውም በጊዜ ያልቃል። ይህን የሚዘነጋ መካኒክ ብዙ ነው፤ ቆማችሁ እዩ።

ሾክ አብዞርበር ክብደት አይሸከምም

ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ያምታታል። ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው ነው። የሾክ አብዞርበር ሥራ መወዛወዙን ማቆም ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ ፒስታ ላይ በደንብ የሠራ ሾክ መሞቅ አለበት። ጋራዥ ሳትሄዱ መሞከር ትችላላችሁ፤ ረጅም ቆርቆሮ መሰል መንገድ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ጠጋ አድርጉ። እንዳትይዙት፣ ያቃጥላል። አራቱም ሲሞቁ አንዱ ከቀዘቀዘ ያ ሾክ አልሠራም።

ያለቀ ሾክ ይቀየር፣ እሺ። ግን በምን? «ከባድ ሥራ» ተብሎ የሚሸጠው ጠንካራ ሾክ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ሾክ የሚመረጠው ለባሌስትራውና ለጭነቱ ነው። ለ1 ቶን ጭነት የተለካ ሾክ ባዶ አምቡላንስ ላይ ሲገባ ባሌስትራው ያቃተውን ጥጥርነት ይጨምርበታል። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትናገሩት የመኪናውን ስም ሳይሆን ስንት ኪሎ ጭኖ እንደሚሄድ ይሁን።

አንድ ፍሬ ቢወጣስ?

«አንድ ፍሬ ባሌስትራ አስወጣ፣ ይለሰልስልሃል» የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። ተቃራኒውም አለ፤ ሰው ለመጫን ብለው ፍሬ የሚያስጨምሩ። ሁለቱም የሚነኩት አንድ ሕግ ነው። የባሌስትራ ጥንካሬ ከብረቶቹ ብዛት ጋር ይጨምራል፤ ከውፍረታቸው ጋር ግን በጣም ይጨምራል። አንድ ብረት ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ብረት አውጥቶ ግማሽ ውፍረት ባላቸው 2 ብረቶች መተካት ጥንካሬውን ወደ ሩብ ያወርደዋል። አያችሁ? የብዛቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለስላሳ ባሌስትራ ብዙ ቀጫጭን ብረት ሊኖረው ይችላል።

ሌላው መንገድ ፓራቦሊክ የሚባለው ነው። ብረቱ መሃሉ ላይ ወፍሮ ወደ ጫፍ እየሳሳ ይሄዳል። ብዛቱ 2 ወይም 3 ብቻ ይሆንና ብረቶቹ የሚነካኩት መሃልና ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ግጭቱ ስለሚቀንስ ትንንሽ ጉብታ ይቀበላል። ለላንድክሩዘር 70 የሚሆን አለ፤ ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃል፣ ርካሽም አይደለም።

እና ፍሬ ማስወጣት ይሻላል ወይስ አይሻልም? እኛ የምንለው እንዲህ ነው። ጎማው፣ ግጭቱ፣ ጎሚኒውና ሾኩ ሳይስተካከሉ ፍሬ ማስወጣት የመጨረሻውን መጀመሪያ ማድረግ ነው። ካስወጣችሁም መኪናው ዝቅ እንደሚል እወቁ። ዝቅ ሲል ጉድጓድ ላይ አክስሉ ሻንሲውን የሚመታበት ርቀት ያጥራል፤ ያ ምት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ከዚህ በላይ የፍሬን ነገር አለ። ብዙዎቹ እነዚህ መኪናዎች በሻንሲውና በኋላው አክስል መሃል ያለውን ርቀት እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ኃይል የሚወስን መሣሪያ አላቸው። መኪናው ሲወርድ «ተጭኗል» ብሎ ያስባል፤ ሲነሳ «ባዶ ነው» ይላል። የባሌስትራ ሥራ ተሠርቶ ይህ ሳይስተካከል የወጣ መኪና ዝናብ ላይ የኋላ ጎማው ቀድሞ ሊቆልፍና መኪናው ሊዞር ይችላል። ከባሌስትራ ሥራ በኋላ «ፍሬኑን አስተካክላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

አንዳንዴ ባዶ፣ አንዳንዴ ሙሉ ለሚሠራ ፒካፕ ለስለስ ያለ ባሌስትራ አድርጎ በንፋስ የሚሞላ ደጋፊ ከረጢት መጨመር ይቻላል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ከረጢቱ ክብደቱን በሙሉ ሻንሲው ላይ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። ከአቅም በላይ ተጭኖ ከረጢት የታሰረበት ፒካፕ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ሊጎብጥ ይችላል። ከረጢቱ መኪናውን ቀና ያደርገዋል እንጂ አቅሙን አይጨምርም።

አምቡላንሱ ለብቻው ይታይ

አሁን ሂሳቡን አምቡላንሱ ላይ እናድርገው። ሾፌር፣ አንድ ነርስ፣ በሽተኛዋ፣ ሁለት አስታማሚ። በአማካይ 60 ኪሎ ብንል 300 ኪሎ ነው። ለአልጋው፣ ለኦክስጅኑና ለሌላው ዕቃ 100 ጨምሩ። 400 ኪሎ። ባሌስትራው የተሠራለት 1 ቶን ገደማ ነው። ማለትም ይህ መኪና ከጋራዥ ከወጣ ጀምሮ አገልግሎቱ እስኪያበቃ አንድም ቀን የተሠራለትን ጭነት አይጭንም። ዕድሜውን ሙሉ ጠጣር ሆኖ ይኖራል።

ስለዚህ አምቡላንስ የሚገዛው አካል የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጅ ስለ ቀለሙና ስለ ሳይረኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ኋላው ባሌስትራም አንድ መስመር ቢጽፍ ተገቢ ነው፦ «በ400 ኪሎ ጭነት የሚሠራ»። አገልግሎት ላይ ያሉትን ደግሞ ሙሉ ዕቃቸውን ይዘው ሚዛን ላይ ማውጣት ይቻላል። የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ መመዘን ነው። ባሌስትራ ሠሪው ወይም ሻጩ የሚፈልገው ይህንኑ ቁጥር ነው፤ ያለ እሱ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ግምት ነው።

ውስጡም ሥራ አለው። መኪና ሲንጥ ከሁሉ የተሻለው ቦታ በፊትና በኋላ አክስል መሃል ነው። አልጋው ጥቂት ሳንቲሜትር እንኳ ወደ ፊት መሄድ ከቻለ ይሂድ። ፖርቶ መጋላው ላይ የተከመረ ዕቃ መኪናውን ወደ ጎን ያወዛውዘዋል፤ ይውረድ፣ ወለል ላይ ይታሰር። አንዳንድ ሾፌሮች አሸዋ በከረጢት ከኋላ ይጭናሉ። ይሠራል፣ ሂሳቡን አይተነዋል። ግን አምቡላንስ ውስጥ ያልታሰረ 50 ኪሎ ፍሬን ሲያዝ ሰው ላይ ይመጣል፤ ነዳጁም አለ። የግድ ከሆነ ከኋላ አክስሉ ፊት፣ ወለል ላይ፣ በደንብ ታስሮ።

ፍራሽን በተመለከተ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ወፍራምና በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ይሻላል ብለን እናስባለን። ስፖንጅ ግን ራሱ ሞላ ነው። ለስላሳ የወንበር ስፖንጅ በሰከንድ 4 ጊዜ አካባቢ ያለውን ንዝረት ሊያጎላው ይችላል፤ ያውም ሰውነት የሚጠላውን። ጠንከር ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ይመረጣል። ተጠቅጥቆ ያለቀው ደግሞ ጨርሶ አይረባም።

በነገራችን ላይ አባቶቻችን በሽተኛ በቃሬዛ ሲያወርዱ ይህን ሁሉ ያለ ሂሳብ ፈትተውት ነበር። የተሸካሚው ጉልበት ሞላም ሾክም ነው፤ የቃሬዛው እንጨትም ይለመጣል። የቃሬዛው ችግር ፍጥነቱ እንጂ ምቾቱ አልነበረም።

ቆርቆሮ መሰሉ መንገድና የሾፌሩ እግር

ደረቅ ፒስታ ከጊዜ በኋላ እንደ ቤት ቆርቆሮ ይሆናል። ግሬደር ባለፈ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በፊዚካል ሪቪው ሌተርስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጎማ አሸዋ ላይ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲንከባለል ሞላ ባይኖረው እንኳ ይህን ሞገድ ይሠራል። ስለዚህ የመንገዱ ሠራተኛ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ፍጥነት ነው።

ሞገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ 1 ሜትር ነው። 75 ሳንቲሜትር እንበለው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይመታል። ከባዱ የኋላ አክስል በጎማውና በባሌስትራው መሃል በራሱ የሚንጠረው በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ አካባቢ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ መኪናው የሚበታተን ይመስላል። በ80 ሲሆን ምቱ በሰከንድ 30 ይደርሳል፤ አክስሉ መከተል አቅቶት ከጫፍ ጫፍ ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሾፌር «ስትፈጥን ይለሰልሳል» የሚለው።

እውነቱን ነው፣ ይለሰልሳል። ግን የሚለሰልሰው ጎማው መሬት ስለማይነካ ነው። መሬት ያልነካ ጎማ አይዞርም፣ አይቆምም። ከፊት ከብት ቢገባ ወይም ኩርባ ቢመጣ መሪውም ፍሬኑም ስም ብቻ ይሆናል። በሽተኛ የጫነ ሰው ይህን አይሞክር። ሌላ አማራጭ አለ፤ ከ25 በታች መውረድ። በዚህ ፍጥነት ምቱ በሰከንድ ከ10 ያንሳል፣ አክስሉም ሞገዱን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ንፋሱ የተስተካከለ፣ ባሌስትራው የጸዳ መኪና በዚህ ፍጥነት ይታገሣል። መንገዱ ሁሉ እንዲህ አይነዳም፣ ሰዓትም ሕይወት ነው። የከፋው ክፍል ላይ ግን ይሠራል፤ ጠርዝ ጠርዙን መያዝም እንዲሁ፣ ሞገዱ እዚያ ይሳሳልና።

ለውጥ ስታደርጉ አንድ አንድ እያላችሁ አድርጉ። ንፋስም ሾክም ባሌስትራም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። አንድ የሚያውቁትን 5 ኪሎ ሜትር መንገድ መርጣችሁ በአንድ ዓይነት ጭነት፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ከለውጡ በፊትና በኋላ ንዱ። ስልካችሁ ንዝረት የሚለካ አፕሊኬሽን ማስጫን ይችላል፤ ፊት ሳይሆን አልጋው ላይ አስራችሁ አስቀምጡት። ስልክ ከሌለ ነርሷን ጠይቋት፣ ከኋላ የምትቀመጠው እሷ ናት። ባሌስትራ ተፈትቶ ከተገጠመ ደግሞ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሳችሁ ዩ-ቦልቶቹን አስጠብቁ፤ አዲስ ሥራ ሁልጊዜ ትንሽ ይላላል።